መቀመጥ እስክችል ድረስ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሕር ዳር ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሲንጀር መኪና ፊት ቁጭ ብዬ አሥራ ስምንት ዓመት እንጀራዬን በልቻለሁ። ይህን ያስቀደምኩት ያለ ነገር አይደለም። ትልቁ አንጀቴ ከወጣ በኋላ የቀረችውን የአንጀቴን መጨረሻ ከነፊንጢጣዬ በሁለተኛ ኦፕራሲዮን ሲያወጡልኝ፣ ከሕመሙም ከወጪውም በላይ የፈተነኝ መቀመጥ ነው። ሰገራ ስለሚቀበለው የሆድ ከረጢት የሚመክረኝ ሰው አላጣሁም ነበር። ከታች ስለሚቀረው ቁስል ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት በቅጡ የነገረኝ የለም። ቀጠሮ ይዛችሁ የምትጠብቁ፣ ወይም ቤታችሁ በጎናችሁ ተኝታችሁ "ይሄ ነገር መቼ ነው የሚድነው?" የምትሉ ካላችሁ፣ የምጽፈው ለእናንተ ነው።

በሽታዬ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ይባላል። የትልቁ አንጀት የውስጥ ግድግዳ እየቆሰለ የሚደማበት ሕመም ነው። ሁለት ዓመት ያህል "አሜባ ነው" እየተባልኩ ኪኒን ስውጥ ከቆየሁ በኋላ ነው በኮሎኖስኮፒ፣ ካሜራ ያለው ቱቦ ከታች አስገብተው አንጀቴን ሲያዩ፣ የታወቀው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንጀቴ አብጦ ሊፈነዳ ደርሶ በድንገተኛ ገባሁ፤ ትልቁን አንጀት አወጡት፣ የትንሹን አንጀት ጫፍ በሆዴ ቀኝ በኩል አውጥተው ከረጢት ለጠፉበት። ኢሊዮስቶሚ የሚሉት ይህ ነው። ያን ጊዜ ሰውነቴ ደቅቆ ስለነበር የታችኛውን ጫፍ አልነኩትም። ዳሌ ውስጥ ጠልቆ መሥራት ለደከመ ሕመምተኛ ስለሚከብድ በድንገተኛ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይተዉታል።

የቀረችው ጫፍ ሰገራ ባያልፍባትም አላረፈችም። ንፍጥ የመሰለ ፈሳሽና ደም እያመጣች በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ታጣድፈኝ ነበር። ደንበኛ እየለካሁ ሜትሩን ጥዬ የሮጥኩበት ቀን አለ። ሐኪሙ ምርጫዎቹን አስረዳኝ። አንደኛው እንዳለች ትቶ በየጊዜው በመሣሪያ እያዩ መከታተል ነው፤ በቆሰለ አንጀት ላይ ከጊዜ ብዛት ካንሰር ሊነሳ ስለሚችል ክትትሉ አይቀርም። ሁለተኛው ከትንሹ አንጀት በውስጥ ከረጢት ሠርቶ ከታች መልሶ ማገናኘት ነው። ሦስተኛው ጫፏን አውጥቶ ታችኛውን በር ለዘለቄታው መስፋት ነው። ሦስተኛው መመለሻ የለውም፤ የሆዱ ከረጢት ዕድሜ ልክ ይሆናል። እኔ ከከረጢቱ ጋር ሁለት ዓመት ኖሬ ስለለመድኩት ሦስተኛውን መረጥኩ፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። እናንተ ግን ሦስቱንም ጠይቁ፤ በተለይ ወጣቶች ከሆናችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ጥር 2016 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ተኛሁ። ሰው ሁሉ "ያንን ትልቁን አልፈኸዋል፣ ይሄማ ቀላል ነው" ይለኝ ነበር፤ እኔም አመንኩ። እውነቱ ግን የተለየ ነው። የሆዱ ቁስል በሦስት ሳምንት ውስጥ ተረሳ፤ ከታች ያለው ስድስት ወር ፈጀ። ሆስፒታል ስምንት ቀን ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን አስነስተው አራመዱኝ፤ ያማል፣ ነገር ግን እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚጠብቀው እርምጃ ስለሆነ እንቢ አትበሉ። የሽንት ቱቦው በአራተኛው ቀን ሲነቀል ሽንት አልወጣልኝ አለና ሦስት ቀን መልሰው አስገቡት። በጣም ደንግጬ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት የፊኛ ነርቮች ከዚያች አንጀት ጎን ለጎን ስለሚያልፉ ለጥቂት ጊዜ መደንዘዛቸው የተለመደ ነው። ቢደርስባችሁ ደብቃችሁ አትታገሡ፤ የተወጠረ ፊኛ ይጎዳል።

ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ "ቁስሉን በንጽሕና መያዝ፣ ከባድ ነገር አለማንሳት" የሚል ብቻ ነበር። ስለ መቀመጥ አንድ ቃል የለም። እኔም እንደ ደኅና ሰው ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጭኩ ቤቴ ገባሁ። ማታ የቁስሉ መሸፈኛ ጎዝ በደም ርሶ ባለቤቴ አየችው። ያን ቀን ብትመልሱልኝ መኪና ለምኜ የኋላ ወንበር ላይ በጎኔ ተኝቼ እሄድ ነበር፤ ሌላው ቢቀር አስፋልት አስፋልቱን እንዲሄድልኝ ሾፌሩን እለምናለሁ።

በሙያዬ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ስፌት የሚተረተረው ክሩ ስለሳሳ ብቻ ሳይሆን ጨርቁ ስለተወጠረ ነው። ሱሪ መቀመጫው ላይ ቀድሞ የሚቀደደው ለምን እንደሆነ ማንም ልብስ ሰፊ ያውቃል። ሥጋም እንደዚያው ነው። ስትቀመጡ ክብደታችሁ ሁሉ እዚያች ስፌት ላይ ያርፋል፣ ግራና ቀኙ ይሳባል። ቁስል የምታጥብልኝ ሲስተር የነገረችኝ ደንብ ቀላል ነበር፦ "ወንድሜ፣ ተኛ ወይም ቁም። መካከለኛውን ለጊዜው እርሳው።" የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ለመብላት ብቻ ከአሥር ደቂቃ ላልበለጠ እቀመጥ ነበር። ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እያልኩ ጨመርኩ። ስተኛ በጎኔ ነው፤ በጉልበቶቼ መሐል ትራስ አደርጋለሁ። ስነሣ መጀመሪያ በጎኔ ተገልብጬ፣ በእጄ ተደግፌ ነው እንጂ ሆዴን አጥፌ ቀጥ ብዬ አልነሣም። ሳልና ማስነጠስ ሲመጣ ትራስ ሆዴ ላይ ጭምቅ አድርጌ እይዛለሁ።

አሁን ይህን በእኛ አገር ሞክሩት! ጠያቂ በመጣ ቁጥር ሁሉም ቁጭ ይላል፣ በሽተኛው ይቆማል። እትዬ፣ የጎረቤታችን እናት፣ ቡናው በተፈላ ቁጥር "ኧረ ተቀመጥ ልጄ፣ እኛን ብለህ ነው የቆምከው?" እያሉ በርጩማ ይገፉልኛል። ያ አጭር በርጩማ ለዚህ ቁስል ከሁሉ የከፋ መቀመጫ ነው፤ ጉልበት ወደ ላይ ሲወጣ ታች ያለው ሁሉ ይከፈታል። መጀመሪያ አፍሬ ተቀመጥኩላቸው። ሌሊቱን ስቃትት አደርኩ። በኋላ ባለቤቴ ጓዳ ጠርታ "እትዬ፣ ስፌቱ ከታች ነው፣ መቀመጥ ተከልክሏል" ብላ ነገረቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሲመጣ እሳቸው ራሳቸው ቀድመው "ተዉት፣ ይቁም" የሚሉልኝ ሆኑ። አንድ የሚያስረዳላችሁ ሰው መድቡ። ሕመሙ ያለበት ቦታ ለመናገር ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በየካቲት የሠፈራችን ሽማግሌ ሲያርፉ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ጥግ ቆሜ ነው ያስተዛዘንኩት፤ ቀድሞ ስለተነገራቸው የተቀየመኝ አልነበረም።

የመቀመጫ ትራስ ነገር። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ በመጀመሪያው ሳምንት መሐሉ ክፍት የሆነ፣ እንደ ቀለበት ክብ ትራስ ሰፋሁ፤ ቁስሉ እንዳይነካ ብዬ ነው። ሲስተር ስታየው "ይሄ ነው የሚጎዳህ" አለችኝ። ክቡ ትራስ መቀመጫን ግራና ቀኝ ይከፍተዋል፣ መሐሉ ይንጠለጠላል፣ ስፌቱ ይሳባል። ፈትቼው መሐሉ ያልተቀደደ፣ ውፍረቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ስፖንጅ አደረግሁበት፤ ላዩ ላይ ለስላሳ ሌላ ስስ ስፖንጅ ደርቤ በአቡጀዲ ሸፈንኩት። ሽፋኑን ሁለት ሠርቻለሁ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። አሁንም ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ፣ አውቶቡስም ስሳፈር ከእኔ አይለይም።

ንጽሕናው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔ ሳፋ ውስጥ መቀመጥ አልተፈቀደልኝም። አፍልቼ ለብ እስኪል ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በጆግ ይዤ፣ ቆሜ እግሬን ከፈት አድርጌ ከፊት ወደ ኋላ አፈስሰዋለሁ፤ ጠዋትና ማታ። ከዚያ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ ነው እንጂ ማሸት የለም። ሳሙና፣ አልኮል፣ ቅባት ቁስሉ ላይ የለም። "ማር አድርግበት"፣ "ፌጦ አድርግበት" ያለኝ ብዙ ነው፤ ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ አላደረግሁትም። ጸበል ጠጥቻለሁ፣ ተጸልዮልኛል፤ ቁስሉን ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ብቻ ነው ያጠብኩት፤ የንስሐ አባቴም ይህንኑ ነው የመከሩኝ። ጣና ውስጥ መግባት ደግሞ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ድረስ የማይታሰብ ነው። የሐይቁ ውሃ ቢልሃርዚያም አለበት፤ ለደኅና ቆዳም አይመከርም።

ሽንት ቤታችን ቁጢጥ የሚባልበት ዓይነት ስለሆነ ከረጢቱን ማፍሰስም ፈተና ነበር። ቁጢጥ ማለትም ስፌቱን ይስባል። መላው ይህ ነው፦ ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ቆሜ ጣሳ ውስጥ አፈስሳለሁ፣ ጣሳውን ሽንት ቤት ደፍቼ አጥባለሁ። ሁለት ወር እንዲህ አድርጌያለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ቁስሉ ተከፈተ። መጋቢት መግቢያው ላይ ነበር፤ "ድኛለሁ" ብዬ ሱቅ ሄጄ አንድ ሰዓት የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጬ ነበር። ማታ ልብሴ ረጠበ፤ ባለቤቴ ስታይ የጣት ጫፍ የሚያስገባ ቀዳዳ። ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም፤ ሁሉ ነገር ከዜሮ የተጀመረ መሰለኝ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሲስተር ምንም ሳትደነግጥ ጥልቀቱን ለካች፦ ሦስት ሳንቲ ሜትር። መግል የለም፣ ትኩሳት የለም። "ይሄ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይከፈትበታል፤ መልሰን አንሰፋውም፣ ከሥር ወደ ላይ ራሱ ይሞላል" አለችኝ። ላዩ ቀድሞ ከተዘጋ ውስጡ ጉድጓድ ይቀርና ይመግላል። ስለዚህ በሳላይን (ከጀርም በጸዳ የጨው ውሃ) የረጠበ ጎዝ ላላ አድርጎ ማስገባት፣ በየቀኑ መቀየር ነው። ጠቅጥቆ መሙላት አይደለም። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አይታ ራሷ ማድረግ ጀመረች፤ እጇን ታጥባ፣ ጓንት አጥልቃ፣ በስልክ መብራት። በየእሁዱ ጥልቀቱን በንጹሕ የጥጥ ዘንግ እየለካች በደብተር ትጽፍ ነበር። ሦስት፤ ሁለት ተኩል፤ ሁለት ተኩል፤ ሁለት። ሳምንት ሙሉ ሳይለወጥ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ከሆነና ትንሽ ትንሽ ከደማ ደግ ምልክት ነው፤ አዲስ ሥጋ እየበቀለ ነው።

ሌላው ያስፈራኝ ነገር ሌሊት ሌሊት የሚመጣው ስሜት ነው። ከእንቅልፌ ነቅቼ ሰገራዬ መጣ እላለሁ፤ የሚወጣበት በር ግን የለም። አእምሮዬ የታወከ መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ ሐኪሙ እጁ የተቆረጠ ሰው ጣቱ እንደሚበላው ሁሉ ይህም የተቆረጡት ነርቮች ሥራ እንደሆነ ነገረኝ። ጉዳት የለውም። ማማጥ ግን አይገባም። ተነሥቼ በረንዳ ላይ ጥቂት ስንሸራሸር ይተወኛል። እየሳሳ ሄዶ አሁን በወር አንዴ ቢመጣ ነው።

ምግብና ውሃ ላይ የሁለት ዓመት ልምድ ነበረኝ፣ ሆኖም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከረጢቱ እንደገና ውሃ ውሃ ማለት ጀመረ። ትልቁ አንጀት ውሃና ጨው የሚመጥ ስለሆነ እርሱ የሌለው ሰው ቶሎ ይደርቃል፤ በባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግሞ መጠጣት ጨውን አጥቦ ያወጣዋል እንጂ አይጠቅምም። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቀኑን ሙሉ ፉት በሉ። የሚወጣውን በጆግ ለኩት፤ በቀን ከሊትር ተኩል ካለፈ፣ ወይም ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ወይም ስትቆሙ ካዞራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ለእኔ ሩዝ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ቡላ ያጠጥሩልኛል። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ የበቆሎ እሸትና ኦቾሎኒ ግን አንጀት ሊደፍኑ ስለሚችሉ ወራት ሙሉ አልነካሁም፤ አሁንም ቆሎ እጅ ላይ ሲደርስ ለጎረቤት አሳልፋለሁ።

ዐቢይ ጾም የገባው ቁስሉ በተከፈተ ሰሞን ነው። አንድም ጾም አፍርሼ ስለማላውቅ ከበደኝ። የንስሐ አባቴ ቤት ድረስ መጥተው "ቁስል ሥጋ የሚያበቅለው ከምትበላው ነው፤ ብላ፣ ስትድን ትጾማለህ" አሉኝ። እንቁላልና ከሐይቁ የሚመጣውን ቆሮሶ ዓሣ፣ አጥንቱ በደንብ ተለቅሞ፣ በየቀኑ በላሁ። ጥልቀቱ መቀነስ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ቁስሉ እየፈሰሰ ቤተ መቅደስ ስለማልገባ በእሁድ ጊዮርጊስ ግቢ ዛፍ ሥር ቆሜ እጸልይ ነበር፤ ከዚያ በሐይቁ ዳር ዳሩን ቀስ ብዬ እራመዳለሁ። መጀመሪያ ሃምሳ እርምጃ፣ ከዚያ መቶ። ያ መንገድ በጣም ረድቶኛል፤ ጥላ አለው፣ ሜዳ ነው፣ የሚያስቀምጣችሁ ሰው የለም።

ስለ ባልና ሚስት ጉዳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ እኔን ያሳመመኝ ዝምታው ነው። ነርቮቹ ቅርብ ስለሆኑ ወንድ ላይ የወንድነት ድክመት ሊመጣ ይችላል፤ ሴቶች ላይ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ሊኖር፣ ማርገዝም ሊያስቸግር ይችላል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ጠይቁ፣ ልጅ የምታስቡ ከሆነ በተለይ። እኔ ለወራት ደክሜ ነበር፤ ለሐኪሙ ስነግረው መድኃኒት አዘዘልኝ፣ ከሰባተኛው ወር በኋላ ተሻለኝ። ባለቤቴ ያን ሁሉ ቀን ቁስሌን ያጠበች ሰው ናት፤ ከእርሷ የምደብቀው ምን ነበር?

ሥራ አልተውኩም፣ ቀየርኩት እንጂ። ከረዳቴ ጋር ተስማማን፤ እርሱ መኪናው ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ጠረጴዛውን በብሎኬት ከፍ አድርጌ ቆሜ ልክ መውሰድና መቁረጥ ያዝኩ። የጨርቅ ጣቃ ማንሳት ክልክል ነበር፤ ከአምስት ኪሎ በላይ ለሁለት ወር አላነሳሁም፣ ከረጢቱ ዙሪያ ሄርኒያ (አንጀት በላላ ጡንቻ በኩል ገፍቶ ማበጥ) እንዳይወጣ። ወጪውን እቁቤን ቀድሜ ወስጄ ነው የሸፈንኩት። ለከረጢቱም ከአቡጀዲ ስስ ሽፋን ሰፋሁለት፤ በሙቀት ላስቲኩ ከቆዳ ጋር ላብ አይይዝም፣ ማጣበቂያውም ቶሎ አይላቀቅም። ቀላል ስፌት ነው፤ ማንም ሴት ልጅም ወንድ ልጅም በእጅ መስፋት ይችላል።

ሳትዘገዩ ሆስፒታል የምትሄዱባቸው ነገሮች አሉ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፣ ከቁስሉ የሚሸት መግል፣ የማይቆም ደም፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና ማመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር። እንዲሁም ከረጢቱ ለሰዓታት ምንም ሳያወጣ ሆድ እየቆረጠና እያስመለሰ ከሆነ አንጀት ተደፍኖ ይሆናል፤ የሆድ ማለስለሻ መድኃኒት በፍጹም አትውሰዱ።

ግንቦት ላይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ ጥልቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ልጄ "አባዬ፣ እንሻገረው" አለችኝ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው። ከጥር ወዲህ ያን ያህል ርቄ ሄጄ አላውቅም፤ መሐሉ ላይ የጎኑን መደገፊያ ብረት ይዤ አረፍኩ፣ ልጄ ከታች የሚሄደውን ውሃ ስታይ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ተሻገርን። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ትራሴ ላይ ተቀመጥኩ፤ አልደማም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ባለቤቴ በደብተሩ ላይ ዜሮ ጻፈች። ነሐሴን ሙሉ መቀመጥን እንደ ሕፃን ተለማመድኩ፤ ሃያ ደቂቃ ቁጭ፣ አምስት ደቂቃ ቁም። 2017 ዓ.ም. ሊገባ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ረዳቴን ከመኪናው አስነሥቼ ለልጄ ቀሚስ ራሴ ሰፋሁላት። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ ተነሥቼ ቆሜ ዘርፉን በእጄ ጨረስኩት።